ሊብሬ ላይ የማይጻፍ ዕድሜ

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ወጉን ያውቀዋል። ኮፈኑን ያስከፍታል፣ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ የጭሱን ቀለም ያያል፣ የሚያምነውን መካኒክ አስከትሎ ይሄዳል። ደላላውም በበኩሉ "ሞተሩ አልተነካም" ብሎ ይምላል። የኤሌክትሪክ መኪና ፊት ሲቆም ግን ይህ ሁሉ ልምድ ሥራ ይፈታል። የሚሰማ ድምፅ፣ የሚታይ ጭስ፣ በጣት ተነክቶ የሚሸተት ዘይት የለም። ዋጋዋን የሚወስነው ባትሪ ወለሏ ሥር ታሽጎ ተቀምጧል፤ ዕድሜውም ሊብሬው ላይ ከተጻፈው የሥሪት ዘመን ጋር ላይገጥም ይችላል።

የባትሪን ፍተሻ መማር ለኢትዮጵያዊ ገዢ ግዴታ ወደመሆኑ እየተቃረበ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ በጥር 2016 ዓ.ም. አስታወቁ። ከዚያ ቀደም ብሎ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ተደርገው ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡትም የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ብቻ ሆኖ ተወሰነ። በዚያ በር የገቡት መኪኖች ዛሬ ሁለተኛ ባለቤት እየፈለጉ ነው።

የፍተሻውን ጥበብ ለዓለም ያስተማረችው ግን ኒሳን ሊፍ ናት። ይህች የጃፓን መኪና እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ገበያ ስትወጣ 24 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ነበራት፤ በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ አንድ ሙሉ ቻርጅ የሚያስኬዳት 117 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በ2018 ሞዴል ባትሪው 40 ደርሶ ጉዞዋ 243 ኪሎ ሜትር ሆነ። በ2019 የመጣው ባለ 62 ደግሞ 364 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እንግዲህ "ሊፍ ናት" ብቻ ተብሎ ዋጋ የሚጠራላት መኪና ከሌላዋ ሊፍ በሦስት እጥፍ ልትለይ ትችላለች።

ሊፍ ያላት አንድ ደግ ጠባይ የባትሪዋን ጤና ፊት ለፊት ማሳየቷ ነው። ዳሽቦርዷ ላይ፣ ከቻርጅ መጠቆሚያው ጎን፣ 12 ትንንሽ መስመሮች አሉ። ባትሪው አቅም ባጣ ቁጥር ከላይ አንድ አንድ እየጠፉ ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ከ12 አንዱ ጠፋ ማለት ስምንት በመቶ ቀነሰ ማለት ይመስለዋል። የመጀመሪያው መስመር የሚጠፋው ግን ባትሪው 15 በመቶ ገደማ ካጣ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት እያንዳንዳቸው ስድስት በመቶ ያህል ይወክላሉ። ስለዚህ 11 መስመር የቀራት መኪና ሻጩ እንደሚለው "አንድ ብቻ የጎደላት" አይደለችም።

የሙቀትን ጉዳይ ደግሞ የአሪዞናዋ ፊኒክስ አጋለጠችው። የሊፍ ባትሪ እንደሌሎቹ በፈሳሽ አይቀዘቅዝም ነበር፤ የሚመካው በዙሪያው ባለው አየር ብቻ ነው። በጋው ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት በዚያች ከተማ ባለቤቶች በ2012 መስመሮቹ ያለጊዜያቸው ሲጠፉ አዩና ጉዳዩን ፍርድ ቤት ድረስ ወሰዱት። ኒሳንም በአምስት ዓመት ወይም በ60,000 ማይል ውስጥ ከዘጠኝ መስመር በታች ለወረደ ባትሪ ዋስትና ሰጠ። ለ2015 ሞዴልም ሙቀት የሚችል ባትሪ አወጣ፤ ባለቤቶቹ "እንሽላሊቱ" እያሉ ይጠሩታል። ዱባይ ላይ ክረምት ከበጋ የኖረች መኪና የምትገዙ ከሆነ ይህን ታሪክ ማስታወስ ይበጃል። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው አዲስ አበባ በአንጻሩ ለባትሪ የምትመች ከተማ ናት። የነዳጅ ሞተር በዚህ ስስ አየር ጉልበት ሲያጣ የኤሌክትሪኩ ምንም አይሰማውም።

ማጭበርበሩም አብሮ መጣ። የባትሪው ኮምፒውተር በመሣሪያ "ሲታደስ" የጠፉት መስመሮች ለጥቂት ጊዜ ተመልሰው ይበራሉ፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ከመመለስ የሚለየው እውነቱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ራሱ መውጣቱ ነው። መድኃኒቱ ከመሪው ሥር ባለው መሰኪያ ላይ ርካሽ የኦቢዲ መሣሪያ ሰክቶ ሊፍ ስፓይ በተባለው የስልክ መተግበሪያ ባትሪውን ማንበብ ነው። መተግበሪያው የሚያሳየው የጤና መቶኛ ብቻ አይደለም፤ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ ይዘረዝራል። ቻርጁ ዝቅ ብሎ ሳለ አንድ ሴል ከሌሎቹ በግልጽ ወደኋላ ከቀረ ያ ሴል ደክሟል፤ መላው ባትሪ ደግሞ ከደካማው ሴል አልፎ አይሄድም።

የቀረው አቅም በቂ መሆን አለመሆኑን የሚነግረው መንገዱ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሊፎች አንዷ 70 በመቶ ጤና ቀርቷታል እንበል። በእጇ ያለው 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ ስትወርድ ቁልቁለቱ ያግዛታል፤ ስትመለስ ግን 700 ሜትር ያህል መውጣት አለባት። ሰው የጫነችና 1,600 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪናን ያን ያህል ከፍ ማድረግ ብቻውን 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል። መቶ ኪሎ ሜትር መንገዱ ራሱ ገና አልተቆጠረም። እንዲህ ያለች መኪና ከቦሌ ፒያሳ ለሚመላለስ ሰው ትበቃለች፤ ቅዳሜና እሁድን አዳማ ለሚያሳልፍ ቤተሰብ ግን ዋጋዋ ምንም ቢረክስ አትሆንም።

ይህ ሁሉ ሲነገር ባትሪ እንደ በረዶ የሚቀልጥ ነገር እንዳይመስል። የካናዳው ጂኦታብ በሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖችን መረጃ መርምሮ በ2024 እንዳወጣው አማካዩ ቅናሽ በዓመት 1.8 በመቶ ነው።

የሥሪት ዘመን እንዴት እንደሚያሳስት ከሸቭሮሌ ቦልት የተሻለ ምሳሌ የለም። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 እስከዚያ የሸጣቸውን ቦልቶች በሙሉ ለጥገና ጠራ። ምክንያቱ በኤልጂ ባትሪዎች ውስጥ የተገኘው ለእሳት የሚዳርግ የማምረት ጉድለት ነበር። የብዙዎቹ ባትሪ ተቀየረ፤ ለተቀየረው ባትሪም የስምንት ዓመት ወይም የ100,000 ማይል አዲስ ዋስትና ተሰጠው። ስለዚህ የ2017 ሥሪት ሆና የ2022 ባትሪ የያዘች ቦልት አለች፤ ገበያው ግን አሁንም በመጥፎ ስሟ ዋጋ ይቀንስላታል። አሜሪካ ውስጥ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ገዢ ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው። የሻንሲ ቁጥሩን በአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነጻ አስገብቶ ጥገናው መፈጸሙን ማየት ይችላል። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ ይሰጥ የነበረው እስከ 4,000 ዶላር የሚደርስ የታክስ ቅናሽ ግን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 መጨረሻ ቆሟል።

ወደ አዲስ አበባ መንገዶች ስንመለስ የምናያቸው በአብዛኛው ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች ናቸው። ቮልስዋገን አይዲ 6ን አውሮፓ ውስጥ በይፋ አይሸጥም፤ ከመጀመሪያውም ለቻይና ብቻ የተሠራ ነው። እዚያም ሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች፣ አንዱ ክሮዝ ሌላው ኤክስ ብለው፣ የየራሳቸውን ስለሚሠሩ መለዋወጫ ከማዘዝ በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። የቻይና መኪኖች ፈጣን ቻርጅ የሚቀበሉት ጂቢ/ቲ በተባለው መሰኪያ ነው፤ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ የመጣ መኪና ሌላ ዓይነት መሰኪያ አለው፣ እዚህ የተነሱት ሊፎች ደግሞ ቻዴሞ የተባለውን ይጠቀማሉ። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው የጉዞ ርቀትም ሲኤልቲሲ በተባለው የቻይና መለኪያ የተገኘ ስለሆነ ለጋስ ነው። 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዘው ቢዋይዲ ሲጋል 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል፤ ገዢው ሩቡን ቀንሶ ቢያስብ ብዙም አይሳሳትም። ሲጋልን ጨምሮ የቢዋይዲ መኪኖች የሚይዙት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ እስከ መቶ ቢሞላም እምብዛም አይጎዳም። ኒኬልና ኮባልት ያለበት ባትሪ ግን ለዘወትር እስከ 80 በመቶ ቢሞላ ይመረጣል፤ ስለዚህ ሻጩ ማታ ማታ እንዴት ይሞላ እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው።

መተግበሪያው ከመኪናው ጋር ካልሠራ ቀላል ፍተሻ አለ፤ የቤት ቆጣሪ። ባትሪው 10 በመቶ ሲደርስ ሌላውን ዕቃ ሁሉ አጥፍቶ እስከ መቶ መሙላትና ቆጣሪው ስንት እንደቆጠረ ማየት ነው። ጤነኛ ባለ 40 ሊፍ፣ ሲሞላ የሚባክነው ተጨምሮ፣ 38 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ትወስዳለች። 28 ላይ ሞላሁ ካለች ከአቅሟ ሩቡ ሄዷል። አንድ ሌሊት ይፈጃል፣ ሻጩም ሊያጉረመርም ይችላል፤ ነገር ግን ለሞተር ፍተሻ ጋራዥ ውለው የሚያድሩ ሰዎች ለዚህ አንድ ሌሊት መንፈግ የለባቸውም።

ሌላው ፍተሻ አጭር ነው። መኪናዋን ወደ ላይ አስነስቶ የባትሪው ሽፋን በድንጋይ መመታት አለመመታቱን ማየት፤ ክብደቷ ቶሎ የሚበላውን ጎማ መመልከት፤ መኪናዋ አልነሳም ስትል ብዙ ጊዜ ምክንያቷ የሆነችውን ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ ማስለካት፤ የቤት ቻርጀሩን እዚያው ሰክቶ መሞከር። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ደግሞ ከመኪናዋ በፊት የመኪና ማቆሚያውን ይፈትሽ። ገመዱ ከቆጣሪው እስከዚያ የማይደርስ ከሆነ በየሳምንቱ የሚሰለፈው ቻርጅ ጣቢያ ነው፤ የጣቢያው ዋጋና የወረፋው ሰዓት ከመኪናዋ ዋጋ ላይ ተደምሮ መታሰብ አለበት።