አፕዴት የጣላቸው ኮምፒውተሮች

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዓርብ ዕለት፣ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1፡09 ላይ ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ለደንበኞቹ አንዲት ትንሽ ፋይል ላከ። ፋይሏ አዳዲስ የጥቃት ዘዴዎችን ለመለየት የምታገለግል ነበረች። የደረሰቻቸው ኮምፒውተሮች ግን ሰማያዊ ስክሪን እያሳዩ ወደቁ፤ ሲነሡም ተመልሰው ወደቁ። ኩባንያው ፋይሏን በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢያስተካክልም፣ በማይክሮሶፍት ግምት እስከዚያው 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ተመትተዋል። በረራዎች ተሰረዙ፣ የሆስፒታል ቀጠሮዎች ተላለፉ። ዴልታ አየር መንገድ ብቻውን በቀጣዮቹ ቀናት 7,000 ያህል በረራዎችን ለመሰረዝ ተገዷል።

8.5 ሚሊዮን በዓለም ላይ ካሉት የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። የክራውድስትራይክን ሶፍትዌር የሚገዙት ግን ሥራቸው ለአፍታ መቆም የሌለበት ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው፤ ጉዳቱ ያን ያህል የሰፋውም ለዚህ ነው።

የስሕተቱን ምንነት ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ፋይሏ የምትጠቀምበት አሠራር 21 መረጃዎችን ይጠብቃል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም የሚያቀብለው ግን 20 ብቻ ነው። ይህ ጉድለት ለወራት ሳይታወቅ ቆይቷል፤ ምክንያቱም ቀደም ሲል የተላኩት ፋይሎች 21ኛውን ቦታ "ምንም ይሁን ምን" ብለው ስለሚያልፉት ፕሮግራሙ ወደዚያ ተመልክቶ አያውቅም። በሙከራ ጊዜም እንዲሁ ታልፏል። የዚያን ዕለቷ ፋይል ግን 21ኛውን መረጃ አምጣ አለች። ፕሮግራሙ ሊያነበው ሲሄድ ያገኘው የእርሱ ያልሆነ የሜሞሪ ክፍል ነበር።

እንዲህ ያለ ስሕተት የደረሰው በተራ አፕሊኬሽን ላይ ቢሆን ኖሮ አፕሊኬሽኑ ይዘጋና ነገሩ በዚያ ያበቃ ነበር። የደኅንነት ሶፍትዌር ግን ቫይረስን ቀድሞ ለመያዝ ሲል የሚሠራው ከርነል በሚባለው፣ ሁሉንም ነገር በሚያዝዘው የስርዓቱ እምብርት ውስጥ ነው። እዚያ ስሕተት ሲፈጠር ዊንዶውስ ሌላ መረጃ እንዳይበላሽ ሁሉንም ሥራ ወዲያው ያቆማል። ሶፍትዌሩ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ የሚነሣ በመሆኑም በተከፈተ ቁጥር ያው ስሕተት ይደገማል።

ጥገናው ከብልሽቱ ይልቅ አድካሚ ነበር። የወደቀ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ ስለማይገባ ብዙዎቹን ከሩቅ ማስተካከል አልተቻለም። ባለሙያዎች ከወንበር ወንበር እየዞሩ እያንዳንዱን በሴፍ ሞድ መክፈትና ፋይሏን በእጅ ማጥፋት ነበረባቸው። ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ 48 አሃዝ ያለው መክፈቻ ቁጥር ይጠየቃል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ጠንቃቆች ነበሩ፤ አዲስ የፕሮግራም ቅጂ ሲወጣ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ቀርተው እንዲጠብቁ ኮምፒውተሮቻቸውን አስተካክለው ነበር። ያቺ ፋይል ግን የፕሮግራም ቅጂ ስላልሆነች ይህ ምርጫ አልነካትም፤ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ገባች። አስቀድማ ለጥቂት ሺህ ኮምፒውተሮች ብቻ ተልካ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ሌሎቹ ሳይነኩ ይታወቅ ነበር። ኩባንያው ፋይሎቹን በየደረጃው ለመላክ፣ ደንበኞቹም መቼ እንደሚቀበሉ ራሳቸው እንዲወስኑ ለማድረግ ቃል የገባው ከአደጋው በኋላ ነው።

እንዲህ ያለውን ሲሰማ "እኔስ ጭራሽ አፕዴት አላደርግም" የሚል ሰው ብዙ ነው። ስልክም ቢሆን ሰውን አስቀይሟል። አፕል በ2007 ዓ.ም. መስከረም ያወጣው አንድ አፕዴት የአንዳንድ አይፎን 6 ስልኮችን ኔትወርክ አጥፍቶ ወዲያው ከስርጭት እንዲወጣ ተደርጓል። ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖች በድንገት እንዳይጠፉ ሲል በአፕዴት ፍጥነታቸውን መቀነሱንም ኩባንያው ያመነው ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። "አፕዴት ካደረግሁት ወዲህ ስልኬ ይጎተታል" የሚለው ቅሬታ ሁልጊዜ ከንቱ ወሬ አይደለም።

ያም ሆኖ አለማድረጉ ይብሳል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍና የብሪታንያን ሆስፒታሎች ሥራ ሲያስተጓጉል፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው የማይክሮሶፍት አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። የተጠቁት በአብዛኛው ያልጫኑት ናቸው። መታወቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ፦ አፕዴት ሲወጣ ቀዳዳው የት እንደነበረ አብሮ ይገለጣል። ሰርጎ ገቦች አሮጌውንና አዲሱን ፋይል አስተያይተው የተቀየረውን ቦታ ያገኙታል፤ ከዚያም ገና ያልጫኑትን ሰዎች ያጠቃሉ። ስለዚህ አፕዴት በዘገየ ቁጥር አደጋው ይጨምራል።

በእኔ አስተያየት ለግል ስልክና ላፕቶፕ አውቶማቲክ አፕዴቱን እንደበራ መተው ይሻላል። ትልልቆቹ አምራቾች አፕዴቱን አብዛኛውን ጊዜ በየተራ ስለሚለቁት፣ እናንተ ጋ ሲደርስ ሌሎች ሞክረውታል። ትልልቅ የስሪት ለውጦችን፣ ማለትም የስልኩን መልክ ጭምር የሚቀይሩትን፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ማቆየት አይጎዳም፤ የደኅንነቱን ግን ከጥቂት ቀናት በላይ አታቆዩት። ብዙ ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት መጀመሪያ ሁለት ሦስቱ ላይ ጭኖ ማየት ይችላል።

እኛ አገር አፕዴትን የሚያዘገየው ፍርሃት ብቻ አይደለም። የዳታ ፓኬጅ ያልቃል፣ ስቶሬጅ ይሞላል፣ መብራት መሀል ላይ ይሄዳል። ብዙ አዳዲስ የአንድሮይድ ስልኮች የስርዓቱን ሁለት ቅጂ ይይዛሉ፤ አዲሱ ስልኩ በወቅቱ በማይጠቀምበት ቅጂ ላይ ይጫንና አልነሣ ካለ ስልኩ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይህ የሌለው ስልክ ወይም ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ግን በመጫን ላይ ሳለ ቢጠፋ አልነሣም ሊል ይችላል። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ፣ ላፕቶፑን ባትሪው ሞልቶ መጀመር፣ ፎቶዎችንና ሰነዶችን አስቀድሞ ሌላ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል። የቢትሎከሩን ቁጥርም ዛሬውኑ ፈልጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ብዙውን ጊዜ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ስትገቡ ይገኛል። አንዳንድ አፕዴት ከተጫነ በኋላ ላፕቶፑ ሳይታሰብ ቁጥሩን የሚጠይቅበት ጊዜ አለ፤ ቁጥሩ ከሌለ ዲስኩን ፎርማት ከማድረግ በቀር መንገድ የለም፣ ባክአፕ ያልተደረገ ፋይልም አብሮ ይጠፋል።