ጉልበትዎን ያሳመመው መንገዱ ነው ወይስ ብስክሌቱ?



የደም ግፊት ያለባቸው አንድ አባት ወደ መድኃኒት ቤት መጥተው ለጉልበት ሕመም ዲክሎፌናክ ጠየቁኝ። ሐኪም እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ስለመከራቸው ብስክሌት ገዝተው ከፍኖተ ሰላም ማንኩሳ እየተመላለሱ ነበር። አሁን ግን ሱጁድ ወርደው መነሳት ከብዷቸዋል። ዲክሎፌናክ የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ፣ ጨጓራንና ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከመስጠቴ በፊት በር ላይ ያቆሙትን ብስክሌት ወጥቼ አየሁት። ኮርቻው እጅግ ዝቅ ያለ ነበር። ኮርቻውን ከፍ አስደርገው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሲመለሱ ሕመሙ ቀሎላቸው ነበር፤ አልሐምዱሊላህ።

አካላችን አማና ነውና ለረጅም መንገድ ብስክሌት ሲመርጡ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ።

1ኛ. ቁመቱ፦ ብስክሌቱን በእግሮችዎ መካከል አድርገው ሲቆሙ አግዳሚው ብረት ሊነካዎ አይገባም። ኮርቻ በኋላ ይስተካከላል፤ የብስክሌቱ አካል ግን አይለወጥም። ለእህቶች አግዳሚው ዝቅ ያለና ሰንሰለቱ ሽፋን ያለው ይመረጣል፤ ልብስም አይያዝም።

2ኛ. ኮርቻው፦ ተቀምጠው ተረከዝዎን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግርዎ ቀጥ ይበል። በእግርዎ ፊተኛ ክፍል ሲነዱ ጉልበትዎ በጥቂቱ ይታጠፋል፤ ልኩ ይህ ነው። በጣም ለስላሳ ከሆነው ይልቅ የመቀመጫ አጥንትዎን በደንብ የሚሸከመው ይሻላል። በጭንዎ መካከል መደንዘዝ ከተሰማዎ ግን ወርደው ያስተካክሉት።

3ኛ. መሪው፦ እ.ኤ.አ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው ጽጋቡ ግርማይ በኮርስ ብስክሌት ተጎንብሶ ይነዳ የነበረው ነፋስ እንዳያዘገየው ነው። እኛ ግን ከማንም ጋር አንሽቀዳደምም። መሪው ከኮርቻው እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን። አለበለዚያ ክብደታችን መዳፋችን ላይ ያርፍና ነርቭ ተጭኖ ትንሿና የቀለበት ጣታችን ይደነዝዛሉ።

4ኛ. ጎማውና ማርሹ፦ ቀጭን ጎማ በኮረኮንች መንገድ ላይ ንዝረቱን ሁሉ ወደ ወገብ ያስተላልፋል። 32 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ይሻላል። ቡሬ ከፍኖተ ሰላም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ለዳገቱ ቀላል ማርሽ ያስፈልጋል።

ሒሳቡን ከመክፈልዎ በፊት ቢያንስ ሩብ ሰዓት ነድተው ይሞክሩት። ያልተመቸዎትን “ይለመዳል” ብለው አይግዙ፤ የሚያሳምም ብስክሌት ከጥቂት ቀናት በኋላ ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል።

በመጨረሻም ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ወገኖች ኪሳቸው ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ ይያዙ። መንቀጥቀጥ፣ ላብና መደንዘዝ ከተሰማዎ ወዲያውኑ ወርደው ይውሰዱ። በጾም ወቅት ሐኪም ሳያማክሩ ረጅም መንገድ አይንዱ።

አላህ (ሱ.ወ) ጤናውንና ዓፊያውን ይስጠን። አሚን!