ያውቁ ኖሯል? ጭሱ ከጎዳና ይልቅ ማጀት ይብሳል

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያቀና መኪና በአምበር በኩል ያልፋል። የአየር ብክለት ሲነሳ ቶሎ የሚታሰበን የመኪናው ጭስ ቢሆንም፣ በአምበር ደጋ ብዙው ጭስ የሚተነፈሰው ማጀት ውስጥ ነው።

እንጀራ በሚጋገርበት ዕለት ከምጣዱ ሥር ጭራሮ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ኩበት ይማገዳል። ኩበቱ በደንብ ካልደረቀማ አይጣል ነው! ጣሪያው ጥቀርሻ ለብሷል፤ ጋጋሪዋ ሕፃን አዝላ ከሆነ እሱም አብሯት ይታጠናል።

ዓይን የሚያስለቅሰው ጭስ ቢያንስ ይታወቃል። የከፋው ግን ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠው ብናኝ ነው። ከፀጉር 30 ጊዜ ያህል ስለሚቀጥን ሳንባን ዘልቆ ወደ ደም ይገባል፤ የልጆችን የሳንባ ምች፣ የአዋቂዎችን የልብ ሕመምና ስትሮክ ያባብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው የቤት ውስጥ ጭስ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎችን ለሞት ዳርጓል።

ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ ማገዶን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ትልቅ እፎይታ ነው። ማገዶ መቆጠብና ጤና መጠበቅ ግን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። በምዕራብ ጎጃም ሜጫ የጭስ ማውጫ ያለው የእንጀራ ምድጃ ለቤተሰቦች ታድሎ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንዳሳየው የልጆቹ የሳንባ ምች ይህ ነው በሚባል መጠን አልቀነሰም። እንዲህ ያለ ምድጃ በገባበት ቤትም ወጡና ቡናው በሦስቱ ጉልቻ ላይ መጣዳቸው የተለመደ ነው።