በሴቷ ዓሣ ጉበት ያለው ዚንክ፦ ተረትና እውነታ

ዚንክ ለዓሣ የግድ አስፈላጊ ማዕድን ነው፤ ያለ እርሱ ብዙ ኢንዛይሞች አይሠሩም። ዓሣ በዋናነት ከምግቡ፣ በከፊልም በስንጥቡ በኩል ከውሃው ያገኘዋል። በመራቢያ ወቅት ግን የሴቷና የወንዱ አያያዝ ይለያያል። ይህን ልዩነት ካለማወቅ የሚመነጩ አራት ግምቶችን እንመርምር።

ተረት፦ በጉበቱ ብዙ ዚንክ የተገኘበት ዓሣ ከተበከለ ውሃ የወጣ ነው።

እውነታ፦ ሁልጊዜ አይደለም። ሆሎሴንትረስ አድሴንሲዮኒስ በሞቃታማው አትላንቲክ ኮራሎች መካከል የሚኖር፣ ዓይኑ ትልልቅ የሆነ ቀይ ዓሣ ነው። በሴቷ ጉበት የሚገኘው የዚንክ ክምችት በእንስሳት ላይ ከተለኩት እጅግ ከፍተኛዎቹ አንዱ ነው። ወንዱ ግን ይህን ያህል አያከማችም። ሁለቱ የሚኖሩት በአንድ ባሕር ስለሆነ ልዩነቱን ያመጣው ውሃው ሊሆን አይችልም።

ተረት፦ ይህን ያህል ዚንክ ጉበቷን ይመርዘዋል።

እውነታ፦ ሜታሎታዮኒን የተባለ ፕሮቲን ዚንኩን አጥብቆ ስለሚይዘው ሕዋሳቷን አይጎዳም። ለዓሣ አደገኛ የሚሆነው በውሃ ውስጥ በብዛት የሟሟ ዚንክ ነው፤ ስንጥቡን ይጎዳል፣ ካልሲየም እንዳያስገባም ያግደዋል።

ተረት፦ ዚንክ ለመራባት የሚጠቅመው ወንዱን ብቻ ነው።

እውነታ፦ የወንዴ ዘር ሲሠራ ዚንክ ማስፈለጉ እውነት ነው። የሴቷ ኃላፊነት ግን ከዚህ ይሰፋል። ፅንሱ ተፈልፍሎ መመገብ እስኪጀምር ድረስ የሚያድገው እናቱ በአስኳሉ ባኖረችለት ስንቅ ነው፤ ዚንኩም ከዚያ ይመጣል። እንቁላል የምትይዝበት ጊዜ ሲቃረብ ኢስትራዳዮል የተባለው ሆርሞን በደሟ ይጨምራል። በዚህ ትእዛዝ ጉበቷ ቪቴሎጀኒን የተባለውን የአስኳል ፕሮቲን ያመርታል። በጉበቷ የተከማቸውም ዚንክ ከፕሮቲኑ ጋር ተያይዞ በደም ሥር ወደ እንቁላል እጢዋ ይሄዳል።

ተረት፦ ወንዱ ቪቴሎጀኒን መሥራት አይችልም።

እውነታ፦ ጂኑ አለው፤ የሌለው የሆርሞኑ ትእዛዝ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ ወንዞች፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች ውሃ በሚለቁበት አካባቢ በቆዩ ወንድ ትራውት ዓሦች ደም ውስጥ ይህ ፕሮቲን ተገኝቷል። ምክንያቱ በፍሳሹ ውስጥ የነበሩ ኢስትሮጅንና ኢስትሮጅን መሰል ንጥረ ነገሮች ነበሩ።

እንግዲህ በሴቷ ጉበት የተገኘ ብዙ ዚንክ ጤናማ የእናትነት ዝግጅት ሊሆን ይችላል፤ በወንዱ ደም የተገኘ ብዙ የአስኳል ፕሮቲን ደግሞ የብክለት ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ የውሃን ንጽሕና በዓሣ የሚመረምር ሁሉ የዓሣውን ጾታና የመራቢያ ደረጃ ከልኬቱ ጋር ሊመዘግብ ይገባል። ያለዚያ ንጹሕ ባሕር በከንቱ ይወነጀላል፤ የተበከለውም ወንዝ ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል።