ቦረና ንጉሥ ያልነበረው ለምንድን ነው?

ሰሞኑን እዚህ ቻናል ላይ ስለ ጥንታዊ የእስያ መንግሥታት የጻፍኩትን ያነበባችሁ አንዳንዶች ጥሩ ጥያቄ ላካችሁልኝ። «ስሪቪጃያ የባሕር በር ይዛ ከበረች፤ ቬትናምና ኮሪያ ከቻይና ጥግ ሆነው መንግሥት አቆሙ። ቦረና ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ሲኖር ንጉሥ ያልነበረው ለምንድን ነው?» ቡሌ ሆራ ተቀምጬ ይህን ጥያቄ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ያለፈውን በአጭሩ ላስታውስ። ስሪቪጃያ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሱማትራ ደሴት፣ ፓሌምባንግ ላይ ስትነሣ ጉልበቷ የማላካ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ነበር። በህንድና በቻይና መካከል የሚመላለስ መርከብ ነፋሱ እስኪዞርለት እዚያ ይጠብቃል። ቻይናዊው መነኩሴ ዪጂንግም በ671 ወደ ህንድ ሲጓዝ እዚያ አርፏል። ቬትናም አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በቻይና ሥር ከቆየች በኋላ፣ በ938 ንጎ ኩየን በባክ ዳንግ ወንዝ ላይ ድል አድርጎ ነጻ አወጣት። የኮሪያ ነገሥታት ደግሞ ለቻይና ግብር እየላኩ ዙፋናቸውን አቆዩ። ከዚህ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ፦ ውሃው የት ነው? በመንገዱ የሚያልፈው ምንድን ነው? ጎረቤቱ ማን ነው? እነዚሁኑ ጥያቄዎች ይዘን ወደ ቆላችን እንውረድ።

ከውሃው ልጀምር። ከቡሌ ሆራ ወደ ያቤሎ ስትወርዱ ቡናውና እንሰቱ ወደኋላ ይቀርና ግራሩ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጋናና በሃጋያ ነው የሚጠበቀው። በበጋ ከብቱን የሚያድኑት ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው። ከሁሉ የሚታወቁት ዘጠኙ ቱላዎች ናቸው፤ ዱብሉቅ፣ ዌብ፣ ጋዮና መልባና ከእነሱ ውስጥ ይቆጠራሉ። አንዳንዱ ጉድጓድ እስከ 30 ሜትር ይወርዳል። ውሃው የሚወጣው ከታች እስከ ላይ ተደራርበው በቆሙ ጎልማሶች እጅ ነው፤ እየዘፈኑ ባልዲውን ይቀባበሉታል፣ የመጨረሻው ሰው የጭቃው ገንዳ ውስጥ ይገለብጠዋል።

አሁን አንድ ነገር አስቡ። ሺህ ከብት ያለው ባለጸጋ ይህን ጉድጓድ በጦር ቢይዘው ምን ይጠቀማል? ውሃውን የሚያወጣለት ሰው ከሌለ ከብቱ አፋፉ ላይ ቆሞ በጥም ያልቃል። ጉድጓዱን በቆፈረው አባት በኩል የሚወረስ መብት አለ፤ ባለመብቱ አባ ኮንፊ ይባላል። የዕለት ተዕለቱን ተራ ግን የሚያስይዘው አባ ሄሬጋ ነው። ማን ዛሬ ያጠጣል፣ ማን በሦስተኛው ቀን ይመለሳል፣ ገንዳውን ማን ያድሳል፣ አጥሩን ማን ያጥራል የሚለው በኮራ ኤላ፣ ማለትም በጉድጓዱ ሸንጎ ይወሰናል። ውሃው በትብብር ካልሆነ የማይወጣ ስለሆነ፣ ሥልጣኑም በተራ ካልሆነ የሚጸና አልሆነም።

የገዳን ሥርዓት ከዚህ ጋር አያይዤ ነው የማየው። አባ ገዳው 8 ዓመት ይመራል፣ ከዚያ ያስረክባል። ሕግ የሚመረምረውና የሚያወጣው፣ አባ ገዳውንም ሳይቀር የሚጠይቀው ጉሚ ጋዮ በየ8 ዓመቱ ይሰበሰባል። የሚሰበሰብበት ቦታ ጋዮ ከዘጠኙ ቱላዎች አንዱ ነው። የአገሩ ትልቁ ሸንጎ ከውሃ አፋፍ ላይ መቀመጡን እንደ አጋጣሚ ልቆጥረው አልችልም።

ወደ ንግዱ ስንመጣ ጨዋታው ይቀየራል። ከሜጋ አቅራቢያ ያለው ጨው ቤት፣ በቦረንኛ ኤል ሶድ የሚባለው የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ፣ ከሥሩ ጥቁር የጨው ጭቃ ይወጣል። አህዮች ያንን ገደል እየወጡ ጨው ያደርሳሉ። ኮንሶዎች የሸመኑትን ጥጥ ይዘው ይመጡና በጨው ይለውጡታል። ከደጋው ደግሞ ቡና ይወርዳል። ቡና የማያበቅለው ቦረና ያለ ቡና ቀላ፣ ማለትም በቅቤ ከተጠበሰው ቡና ውጪ፣ ምርቃት አይመርቅም ማለት ይቻላል። ቆላውና ደጋው ለዘመናት የተሳሰሩት በዚህ ነው። የረጅሙን መንገድ ንግድ ግን፣ በጁባ ወንዝ ላይ ባለችው ሉግ በኩል ወደ ህንድ ውቅያኖስ የሚወርደውን የዝሆን ጥርስ ጨምሮ፣ በአብዛኛው ሌሎች ነበሩ የሚያንቀሳቅሱት። መንጋውን ተከትሎ የሚዘዋወር ሕዝብ ደግሞ ኬላ አቁሞ ቀረጥ ለመሰብሰብ አይመቸውም።

እዚህ ላይ ከጊቤ ጋር ማነጻጸር ብዙ ያስተምራል። የጊቤ ኦሮሞም ገዳ ነበረው። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ነገሥታት አቆሙ። መሬቱ ዝናብ የማይነጥፍበት፣ ገበሬው የረጋ፣ ቡናው የበዛ ነበር። ቡናውም፣ የዝሆን ጥርሱም፣ በሚያሳዝን ሁኔታ ባሪያውም በጎጃሙ ባሶ ገበያ በኩል ወደ ቀይ ባሕር ይወጣ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ኬላ የያዘ ሰው ሀብት ያከማቻል፤ በሀብቱም ጦር ይቀልባል። የማላካው መተላለፊያ ለስሪቪጃያ የሠራውን፣ የጊቤ ኬላዎች ለእነዚያ ቤተ መንግሥቶች ሠርተዋል። ስለዚህ ቦረና ንጉሥ ያልነበረው ወደኋላ ስለቀረ አይደለም። ተመሳሳይ ሥርዓት በሁለት የተለያየ መሬት ላይ ሁለት የተለያየ ፍሬ አፈራ።

ሦስተኛው ጎረቤት ነው። ቦረና ራሱ በጉልበቱ ዘመን ገብራን፣ ሳኩዬንና ገሪን የመሳሰሉ ሕዝቦች በቃል ኪዳን የሚቀርቡት ኃያል ጎረቤት ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻና በ1890ዎቹ መጀመሪያ የከብት መቅሰፍት መላ አፍሪካ ቀንድን ጨረሰ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1897፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጦር ወደ ቦረና ገባ። እንግሊዝ ከደቡብ፣ ጣልያን ከምሥራቅ በሉግ በኩል እየቀረቡ ነበር። በ1907 ኢትዮጵያና እንግሊዝ በተፈራረሙት ውል ድንበሩ ተሰመረና ቦረና ለሁለት ተከፈለ።

በዚያ ውል ውስጥ ሰዎች ብዙ የማያነሱት አንድ አንቀጽ አለ፦ በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉት ጎሳዎች እንደ ቀድሞው በሌላው ወገን ግጦሽ ይጠቀማሉ፣ ጉድጓዶቹም ለሁሉም ክፍት ይሆናሉ ይላል። ሁለት ኃያላን ካርታ ሲያሰምሩ የውሃውን ተራ ችላ ማለት አልቻሉም።

ከጅማ ጋር አሁንም እናስተያይ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ልክ እንደ ኮሪያ ነገሥታት ለምኒልክ ገብረው አልጋቸውን አቆዩ፤ በ1932 ሲያርፉ ግን የጅማ ራስ ገዝነት አብሯቸው አከተመ። ቦረና የሚያስጠብቀው ዙፋን አልነበረውም፣ ተቀምጦ የሚደራደርለት ንጉሥም አልነበረውም፤ ለዚህም ብዙ ከፍሏል። ገዳው ግን ግዛት ሲቀያየር፣ የጣልያን ዘመን ሲመጣና ሲያልፍ፣ ሥርዓት ሲፈራረቅ አልተቋረጠም። 71ኛው አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ በ2025 ለተተኪያቸው አስረክበዋል። 71ን በ8 ብታባዙት ከ560 ዓመት በላይ ይሆናል። በዓለም ላይ ይህን ያህል የቆዩ ሥርወ መንግሥታት ጥቂቶች ናቸው።

ይህን የምጽፈው ያለፈውን ለማወደስ ብቻ አይደለም። ሦስቱ ኃይሎች ዛሬም ይሠራሉ። አስፋልቱ በቡሌ ሆራ አልፎ ሞያሌ ይደርሳል፣ በ2020 ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር ኬላ ተከፍቷል። ከ2020 ጀምሮ ለአምስት ተከታታይ ወቅት ዝናቡ ጠፍቶ መንጋው ሲያልቅ ደግሞ ውሃ በጎደለበት ሌላው ሁሉ እንደሚጎድል በዓይናችን አየን። ለዝናብ ወቅት ተብሎ በተተወ ግጦሽ ላይ፣ ሽማግሌ ሳይጠየቅ ኩሬ በተቆፈረበት ቦታ ሁሉ ከብቱ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ሰፍሮ ሣሩ እንዳለቀ አጥኚዎች ጽፈዋል። ውሃው መጣ፣ ተራው ግን አብሮ አልመጣም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። ታሪክ የምታስተምሩ ወዳጆቼ፣ ልጆቹን «ንጉሡ ማን ነበር?» ከማለታችሁ በፊት «ውሃውን ማን ያስተዳድረው ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ለቆላው የውሃ ፕሮጀክት የምትሠሩ ደግሞ፣ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ከአባ ሄሬጋው ጋር ተቀመጡ። እሱ የያዘው እውቀት ይህን አገር ያለ ንጉሥና ያለ ግንብ ለዘመናት ያስተዳደረ ሕግ ነው፤ እንደ ሕግም ሊከበር ይገባዋል።