የጦና ንቦች በዲሽ ወይስ በስልክ?

«የጦና ንቦች» የሚባለው ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያሰናበተው በደርሶ መልስ ጨዋታ ነው። ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ካይሮ ላይ በዚያው ውጤት ተሸንፎ በመለያ ምት 4 ለ 3 አለፈ። በ2006 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ለተቀላቀለ ክለብ ትልቅ ታሪክ ነው። ሐዋሳ ደግሞ በክለቡ ከተማ በሶዶ ለሚኖር ደጋፊ ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለስበት መንገድ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። ሱፐርስፖርት የፕሪሚየር ሊጉን የቴሌቪዥን መብት ሲገዛ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰባሰቡ። በዚያው የውድድር ዓመት ሊጉ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተዘዋወረ ተካሄደ። ለካሜራና ለመብራት የሚመች ሜዳ ያስፈልግ ነበር፤ በዚያ ላይ ወቅቱ የኮሮና ነው። ሊጉ በምስል ጥራትም በገቢም ተጠቅሟል። ዋጋውን የከፈለው ግን እንደ ሶዶ ያለው ከተማ ደጋፊ ነው። ድቻ «በሜዳው» የሚባልለትን ጨዋታ ድሬዳዋ ላይ ሲያደርግ፣ ሶዶ ለቀረው ሰው ስታዲየሙ ስክሪን ሆነ።

ስክሪኑም በአብዛኛው ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ነው። በር ላይ የዕለቱ ጨዋታዎች ከነሰዓታቸው በጠመኔ ተጽፈዋል፤ ከፍሎ የገባው አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ ዘግይቶ የመጣው ግድግዳ ተደግፎ ያያል። ከአርሰናልና ከማንቸስተር ዩናይትድ ጨዋታ መካከል የድቻ ተራ ሲደርስ የቤቱ ድምፅ ይለወጣል፤ ተጫዋቹ የሰፈር ልጅ ነዋ! ዲኤስቲቪ ለኢትዮጵያ ጎጆ፣ ቤተሰብ፣ ሜዳ፣ ሜዳ ፕላስና ፕሪሚየም የሚሉ ፓኬጆችን አቅርቧል። ከዲሹና ከዲኮደሩ ዋጋ ሌላ ክፍያው በየወሩ ነው፤ ካልተከፈለ ስክሪኑ ይዘጋል። ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ለቀን ሠራተኛ ይህ ከባድ ነው። ዲኤስቲቪ ቤቱ ወጪውን ለብዙ ሰው ያካፍለዋል፤ ተመልካቹ የሚከፍለው ላየው ጨዋታ ብቻ ነው። በደንቡ መሠረት ለንግድ ቤት የሚሸጠው ደንበኝነት ከመኖሪያ ቤቱ የተለየ መሆኑን ግን ባለቤቶቹ ልብ ሊሉት ይገባል።

ስልክስ? ብዙ ወጣት የሚጠይቀው ይህንን ነው። በኢንተርኔት በቀጥታ ማየት፣ ስትሪሚንግ የሚባለው፣ ዲሽ መስቀልን ያስቀራል። ሂሳቡ ግን መሠራት አለበት። መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት አንድ ጊጋባይት ገደማ ይበላል፤ ከፍተኛ ጥራት ያለው እስከ ሦስት ጊጋባይት ይደርሳል። ከእረፍቱ ጋር ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጨዋታ እንግዲህ በትንሹ ሁለት፣ ሲበዛ ስድስት ጊጋባይት ነው። አንድ ደጋፊ በወር አራትና አምስት ጨዋታ ቢያይ የጥቅል ወጪው ምን ያህል እንደሚሆን ራሱ ማስላት ይችላል። ከዚያም መዘግየቱ አለ። በስልክ የሚታየው ምስል ከሳተላይቱ ግማሽ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ወደኋላ ሊቀር ይችላል፤ ጎረቤት ዲኤስቲቪ ቤት «ጎል!» ብሎ ሲጮህ ስልክ የያዘው ገና የማዕዘን ምት እየጠበቀ ነው።

ልዩነቱ ከአሠራሩ ይመጣል። ሳተላይቱ ከምድር 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አንድ ሞገድ ይለቃል፤ አንድ ቤት ቢቀበለው፣ ሚሊዮን ቤት ቢቀበለው ለእሱ ያው ነው። ኢንተርኔት ግን ለእያንዳንዱ ስልክ ለየብቻው ይልካል፤ ተመልካች በበዛ ቁጥር ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ዲሽም እንከን አያጣም። የክረምት ዶፍ ሲወርድ ምስሉ ይቆራረጣል፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ጄኔሬተር የሌለው ቤት ጨዋታውን መሐል ላይ ያጣል። ከጊቤ ሦስት የሚነሳው መስመር በሶዶ የሚያልፍ፣ ወደ ኬንያ የሚዘልቀው የ1 ሺህ 45 ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ መስመርም ከሶዶ የሚነሳ ሆኖ ሳለ፣ የከተማው ሰው ጨዋታ መሐል ጨለማ ውስጥ መቀመጡ ያስቆጫል። በዚህ ሰዓት ባትሪ ያለው ስልክ ያሸንፋል።

አሜሪካ ውስጥ ይኸው ጥያቄ የዩኒቨርሲቲዎችን የአሜሪካ ፉትቦል ይዞ ነው የመጣው። እዚያ የኮሌጅ ቡድን ማለት የአካባቢ ክብር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የውድድር ዘመኑ ሲጀመር ዲዝኒና ቻርተር የተባለው የኬብል ድርጅት በዋጋ ሳይስማሙ ቀሩ፤ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞች ኢኤስፒኤን የተባለውን የዲዝኒ የስፖርት ጣቢያ ለ11 ቀናት ያህል አጡ። በ2025 ደግሞ ኢኤስፒኤን ያለ ኬብል በኢንተርኔት ብቻ የሚታይበትን አገልግሎት በወር 30 ዶላር ገደማ አቀረበ። ያ ስሌት የሚሠራው ገደብ የሌለው ኢንተርኔት ቤቱ ድረስ ለገባለት ሰው ነው። ለሶዶ ተመልካች እስካሁን የሚያዋጣው ለትልቁ ጨዋታ ዲሽን በጋራ መጠቀም ነው።

የስልኩ እውነተኛ ቦታ ሌላ ነው፤ ሳተላይት ጨርሶ የማያነሳቸው ጨዋታዎች። በዩኒቨርሲቲዎች መካከል የሚደረገውን ውድድር፣ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዲፓርትመንት ተከፋፍለው የሚጫወቱትን፣ የቦዲቲንና የአረካን የወጣት ቡድኖች ግጥሚያ ገዝቶ የሚያሳይ ጣቢያ የለም። አዲስ አበባ ለሥራ የሄደው የወላይታ ልጅ፣ ወይም ውጭ አገር ያለው፣ የሚናፍቀው አንዳንዴ ይህንኑ ነው። አንድ ደህና ስልክ፣ የስልክ ማቆሚያ፣ ፓወር ባንክና ጥቂት ጊጋባይት ካለ በፌስቡክ በቀጥታ ማስተላለፍ ይቻላል። ሜዳው መሐል መስመር ላይ ከፍ ብሎ የሚቆም አንድ ሰው፣ ተጫዋቾቹን በስም የሚያውቅ አስተላላፊ፣ ቢቻል አንዱ በአማርኛ ሌላው በወላይትኛ። ለክለቡም ሆነ ለዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍል ይህ ከአንድ የቡድን ማሊያ ግዢ ብዙ የሚበልጥ ወጪ አይደለም፤ በመጪው የተማሪዎች ውድድር መክፈቻ ሊጀመር ይችላል።