ከሥዕሉ በላይ የሚያርፈው ስስ ሽፋን

ከጣና ደሴቶች በስፋት ቀዳሚዋ ደቅ ናት። በምዕራብ ዳርቻዋ ናርጋ ሥላሴ ይገኛል። ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ሲሆኑ፣ ጊዜውም ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በዙፋን ላይ ሆኖ እሳቸው አብረው ያስተዳደሩበት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1730–1755) ነው። ክብ የሆነው ቤተ ክርስቲያን እንደ ሌሎቹ የጣና አድባራት ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አለው። የመቅደሱ ግድግዳ በውጭ በኩል ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል፤ ከሥዕሎቹ በአንዱ እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችንና ከልጇ እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ሥዕሉ በግድግዳው ላይ የተሣለ ይመስለዋል። ነገር ግን በጎንደር ዘመን በታነፁት በርካታ የጣናና የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ቀለሙ ያረፈው በጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ጨርቁ ደግሞ በጭቃና በጭድ በተመረገው ግድግዳ ላይ በሙጫ ተለጥፏል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው፣ በጎ ሥራ ባይሆንም፣ በጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ ቡድን በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሠሩትን ሥዕሎች ከግድግዳው ልጦ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው። በምትካቸው አብሮ የተጓዘው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። ዋናዎቹ ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። በግድግዳው ላይ በቀጥታ የተሣለ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አይነሣም ነበር።

እንግዲህ የናርጋና የመሰሎቹ ሥዕል ከታች ወደ ላይ ሲቆጠር ግድግዳ፣ ሙጫ፣ ጨርቅ፣ ነጭ መደብ፣ ከዚያ ቀለም ነው። በዘመኑ ቋንቋ ስንናገር ትልቅ ስቲከር ነው ማለት ይቻላል። ተለጥፎ በሚኖር ሥዕል ሁሉ ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ከላዩ የሚጠብቀው ነገር ይቀባ ወይስ አይቀባ? የባህር ዳር ቀለም ቀቢ በባጃጅ ላይ የቅዱስ ሥዕል ከለጠፈ በኋላ ይህንኑ ይጠይቃል። በወረቀት ቱቦ ትንንሽ ሮኬት እየሠራ የሚያስወነጭፈው የሌላ አገር ሰውም እንዲሁ።

ይህ ከላይ የሚቀባ መከላከያ በጋራዥ ቋንቋ ስሙ ክሊር ነው፤ ለእንጨት ሲሆን ቫርኒሽ ይባላል። በመሠረቱ ማቅለሚያ የሌለበት ቀለም ነው። ሙጫነት ያለው ሬዚን አለው፣ እሱን የሚያቀጥን ቲነር አለው፣ በአንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ማጠንከሪያ ይጨመርበታል። ሲነፋ የማይታይ ቢመስልም ሥራው ግን ይታያል። ቀለም በቅርብ ሲታይ ገጹ ሸካራ ነው፤ ብርሃን በየአቅጣጫው ስለሚበተንበት ፈዘዝ ይላል። ክሊር ያንን ሸካራነት ሞልቶ ለስላሳ ስለሚያደርገው ቀዩ ይደምቃል፣ ጥቁሩ ይጠልቃል። ስለዚህ ክሊር መልክንም ይለውጣል እንጂ መከላከያ ብቻ አይደለም።

ሁለት ቤተሰብ አለው። አንደኛው ቲነሩ ሲተን ብቻ የሚደርቅ ነው። የዛፍ ሙጫ የሆኑት ዳማርና ማስቲክ፣ የድሮው ናይትሮሴሉሎስ ላከር፣ ብዙዎቹ የአክሪሊክ ስፕሬዮች እዚህ ይመደባሉ። ይህ ዓይነቱ በተስማሚ ቲነር ተመልሶ ሊሟሟ ይችላል። ሁለተኛው ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ በኬሚካዊ ውህደት የሚጠነክረው ነው፤ የመኪናው ባለ ሁለት ቆርቆሮ ፖሊዩሪቴን ዋና ምሳሌው ነው። አንዴ ከጠነከረ ቤንዚን ቢፈስበት አይለቅም፤ ይነሣ ከተባለም መላግ ነው። ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት ሳንባን ስለሚጎዳ በአፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅ አይመክተውም፤ ለዚህ የተሠራ መተንፈሻ ያስፈልጋል።

የጣና ዳርቻ ለማንኛውም ሽፋን ከባድ ቦታ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በዚህ ፀሐይ ርካሽ ስቲከር ላይ ቀድሞ የሚሸሸው ቀዩና ቢጫው ቀለም ነው። ሰማያዊውና ጥቁሩ ስለሚዘገዩ ምስሉ ከጊዜ በኋላ ሰማያዊ መልክ ይይዛል። ጨረር የሚውጥ ኬሚካል የተጨመረበት ክሊር ይህን ያዘገያል፤ ያልተጨመረበት ግን ያብረቀርቃል እንጂ ብዙ አይከላከልም። በክረምት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቲነር ሲተን ገጹን ያቀዘቅዛል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ጤዛ ይይዝበትና ክሊሩ ወተት የፈሰሰበት መስሎ ይነጣል። ልምድ ያለው ቀቢ ዝናብ ባዘለ ቀን ላከር የማይነፋው ለዚህ ነው።

ይህን ችግር በትንሽ ገጽ ላይ ሰብስበው የሚያዩት የሞዴል ሮኬት ሠሪዎች ናቸው። መዝናኛው በአሜሪካ የተጀመረው ኦርቪል ካርላይል የተባለ የኔብራስካ ጫማ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1954 አነስተኛ የባሩድ ሞተር ያለው ሮኬት ከሠራ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ቨርን ኤስቲስ በኮሎራዶ ያቋቋመው ኩባንያ ለብዙኃኑ አዳረሰው። አካሉ የወረቀት ቱቦ፣ ክንፉ ቀላል የባልሳ እንጨት፣ አፍንጫው ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ቁጥሩና ምልክቱ ዲካል በሚባል ስስ ምስል ይለጠፋል፤ ዲካሉ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ከመያዣ ወረቀቱ ይንሸራተታል፣ በቀለሙ ላይ ያርፋል። ገጹ ሸካራ ከሆነ ከሥሩ አየር ይቀራል፤ ከዚያ ጠርዙ ብርማ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ብዙዎች ዲካሉን ከመለጠፋቸው በፊት አንጸባራቂ ክሊር ይነፋሉ፣ ከለጠፉ በኋላም ሌላ ይደርባሉ። ሁለተኛው ነው የሚያስፈራው። ጠንካራ ቲነር ያለው ላከር በአንድ ጊዜ በብዛት ከተነፋ የዲካሉን ስስ ገጽ አለስልሶ ይሸበሽበዋል። በቤት ማተሚያ በውሃ ቀለም የታተመ ዲካልማ ገና ውሃ ውስጥ ሳይገባ ክሊር ካልተነፋበት ቀለሙ ይታጠባል።

መፍትሔያቸው ፈተና ነው። ሮኬቱ ላይ ሳይሆን በትርፍ ቱቦ ላይ ያው መሠረት፣ ያው ቀለም፣ ያው ዲካል ይደረጋል። ዲካሉ እርጥበቱ እስኪወጣ ይቆያል። ከዚያ በመጀመሪያ እንደ ጉም ስስ ሆኖ ይነፋል፤ ቲነሩ በቶሎ ስለሚተን ዲካሉን ለመብላት ጊዜ አያገኝም። ይህ ከደረቀ በኋላ ሌላ ስስ፣ በመጨረሻ ሞላ ያለው ይከተላል። አንዱ ናሙና ያለ ክሊር ለማነጻጸሪያ ይቀመጣል። የሁሉም ግማሽ በአሉሚኒየም ፎይል ተሸፍኖ ፀሐይ ላይ ከዋለ፣ ፎይሉ ሲነሣ የተጠበቀውና የነጣው ጎን ለጎን ይታያል። የወረቀት ሮኬት ክብደት ስለማይችል ሠሪው ከክሊሩ በፊትና በኋላ በሚዛን ያየዋል።

ይህ ለባህር ዳር ጋራዥም ይሠራል። ቁራጭ ላሜራ፣ ቁራጭ ስቲከርና ጥቂት ቀን መታገሥ ይበቃል። መያዙን ለማወቅ በኢንዱስትሪ የተለመደ ቀላል ዘዴ አለ፤ በምላጭ ስድስት መስመር ወዲህ፣ ስድስት መስመር ወዲያ እየተሰነጠቀ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይሠራሉ፣ ፕላስተር ተለጥፎ ይነሣል፣ ስንቱ አራት ማዕዘን ተነቅሎ እንደ ወጣ ይቆጠራል። በዓለም አቀፍ መለኪያው ምንም ያልተነቀለበት ዜሮ፣ ክፉኛ የተነቀለው አምስት ይሰጠዋል።

የሙዚየም ጠጋኞች ፈተና ከዚህ ይለያል፤ ትርፍ ናርጋ የለምና። እነሱ የሚጀምሩት ከማይታይ ጥግ፣ በቀጭን እንጨት ላይ በተጠመጠመ ጥጥ ነው። ጥጡ በውሃ ወይም በሌላ ፈሳሽ እርጥብ ተደርጎ አንድ ነጥብ ላይ ይንከባለላል፤ ቀለም ይዞ ከተነሣ ያ ፈሳሽ አይሆንም። ይህ በእያንዳንዱ ቀለም ላይ ለየብቻ ይደረጋል፤ ቀዩ የቻለውን ሰማያዊው ላይችል ይችላል። ብርሃን ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማወቅ ደግሞ ስምንት ሰማያዊ የሱፍ ቁራጮች ያሉት ካርድ አለ። የመጀመሪያው በቶሎ የሚነጣ፣ ስምንተኛው እጅግ የሚቆይ ተደርጎ የተቀለመ ነው። ካርዱ ሥዕሉ ባለበት ቦታ ሲቀመጥ ከስምንቱ የትኞቹ እንደ ነጡ አይተው የብርሃኑን ጉዳት ይገምታሉ።

በሙጫ ለተበጠበጠ የአገራችን ቀለም ክሊር ብዙ ጊዜ የማይመከርበት ምክንያት ሦስት ነው። መጀመሪያ፣ ገጹ ደብዛዛና መጣጭ ስለሆነ የተቀባውን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ቀለሙ ይጠቁራል፣ የገባውንም ሳይጎዱ ማውጣት ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ ዳማርን የመሰሉ የዛፍ ሙጫዎች በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ቢጫ ይሆናሉ፤ ነጩ የመልአክ ልብስ ወደ ቡኒ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ ይተፋል። ፊቱ ከተዘጋ እርጥበቱና የያዘው ጨው ከሽፋኑ ሥር ይከማችና ቀለሙን ከጨርቁ ይገፋዋል። ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባለው አክሪሊክ ለረጅም ጊዜ ቢጫ የማይሆንና በአሴቶን ተመልሶ የሚሟሟ በመሆኑ በጠጋኞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ እሱም ቢሆን በእንዲህ ያለ ቀለም ላይ የሚፈለገው ይበልጡን የሚረግፈውን ቅርፊት በቦታው ለመያዝ ነው።

ደግሞም ከጣሪያ የሚንጠባጠበውን ዝናብ፣ የጧፍና የዕጣን ጢስን፣ የሌሊት ወፍ ኩስን፣ ሊሳለም የሚዘረጋውን እጅ ክሊር አያስቀራቸውም። ጣሪያ ይጠገናል፣ ጧፍ ከግድግዳው ይርቃል፣ የሌሊት ወፍ መግቢያ ይደፈናል። ለብርሃኑ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ቀድሞውኑ መከላከያ አላቸው፤ በሥዕሉ ፊት የሚንጠለጠለው መጋረጃ ጨረሩን ያግዳል፣ ቀለሙን ግን አይነካም፣ ሲያረጅም ይቀየራል።

ስለዚህ ስዕለቱ የደረሰለት ምእመን ቆርቆሮ ቫርኒሽ ገዝቶ ወደ ቄሰ ገበዙ ቢመጣ፣ ጉዳዩ በሁለቱ ስምምነት ብቻ አያልቅም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገና ሥራ አስቀድሞ የመንግሥትን የቅርስ መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንዲያገኝ ያዝዛል፤ የባለ ባጃጁ ስቲከር ግን የሚጠይቀው የቀቢውን ቁራጭ ላሜራና የጥቂት ቀን ፀሐይ ነው።